ሶዶ ደርሶ መልስ፦ የማርቆስ የሚበላ ላስቲክ

ወደ ሶዶ የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። እንግዳዬ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው እንዳይታለል ከመነሻው ልናዘዝ፦ የሄድኩት የማርቆስ ሥራ መጥፎ ሆኖ ባገኘው ብዬ ነው።

ማርቆስ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። አራት ዓመት አንድ ክፍል ተኝተናል። እኔ የክፍሉ ሞኒተር ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ የእኔን ደብተር የሚገለብጥ። ቤተ ሙከራ ውስጥ እኔ ስለካ እሱ ያያል፤ እኔ ስጽፍ እሱ ይገለብጣል። ስንመረቅ እኔ ደብረ ብርሃን ሄድኩ፣ እሱ አገሩ ወላይታ ገባ። ከዚያ በኋላ ለበዓል ከመደዋወል በቀር ብዙ አልተገናኘንም።

ሁለታችንም ሳንነጋገር አንድ ሥራ ላይ ወደቅን። ምግብ የሚጠቀለልበት፣ ከምግቡ ጋር አብሮ የሚበላ፣ ከዕፅዋት የሚሠራ ስስ መጠቅለያ ነው። ፌስታል ይተካል ተብሎ ይታሰባል። የእኔ ከድንች ስታርች ነው፤ ሻጋታ እንዳይነካው የጦስኝ ዘይት እጨምርበታለሁ። ጦስኙን በእንፋሎት ቀቅሎ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ጠብታ መልቀም ነው። ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ሲያዩት እንደ መስታወት ያምራል። ችግሩ የእኛ አገር ደረቅ ብርድ ሲነካው እንደ ቂጣ ይሰበራል።

ታዲያ አንድ ቀን ሁለታችንንም ያስተማሩን መምህር ደወሉልኝ። አዲስ አበባ ላይ የምግብ ሳይንስ መምህራን ጉባኤ አለ፤ ከዚህ ዓይነት ሥራ አንድ ብቻ ይቀርባል፤ የቀረበው ሰው ተማሪም መሣሪያም ይሰጠዋል፤ ያልቀረበው በያዘው ድስት ይቀጥላል። «ማርቆስ ከቡላ ሠርቻለሁ ይላል። ሂድና እየው። የማን ይቅረብ? የአንተ ወይስ የእሱ? አንተው ጻፍልኝ» አሉኝ።

«የኔታ፣ እኔ እኮ ተወዳዳሪ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ሲጸልይ እሰማለሁ። የማርቆስ ጸሎት ተሰምቶለት ነበር።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ጥቅምት ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው የእኛ አገር ሰው መሆን አለበት። ጭኔ ላይ ጠንካራ ክላሴር አለ፤ ውስጡ በወረቀት የተለያዩ አሥር ቅጠል የእኔ መጠቅለያዎች። የሚኒባሱ ረዳት «ላይ እንጫነው» ቢለኝ እንቢ አልኩ።

«ምንድነው እሱ?»

«መጠቅለያ ነው። ምግብ ይጠቀለልበታል፤ እሱም ይበላል።»

ረዳቱ አንዴ እኔን አንዴ ክላሴሩን አየና ወደ ኋላ አለፈ። አዲስ አበባ እስክንደርስ ድረስ አላነጋገረኝም።

ኮልፌ የአጎቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ባሏ ወደ ሶዶ እንደምሄድ ሲሰማ «አቤት ቅቤ! አቤት ሙዝ!» እያለ እራት እስኪቀርብ ስለ ወላይታ ቅቤ አወራ። ስለ ደብረ ብርሃን አንድ ነገር እንዲል ጠበቅኩ። «ብርዱ እንዴት ነው?» አለኝ፤ በቃ። ሰው ስለ እኛ አገር ሌላ ጥያቄ የለውም።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሳ። አጠገቤ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከሶዶ ወዲያ ቤሌ የሚሄዱ እናት ተቀመጡ። ቡታጅራ ላይ ክትፎ በላሁ። ከዚያ በኋላ እንሰቱ ጀመረ። በየደጃፉ፣ በየአጥሩ፣ ቤቱን ከነጣሪያው የሚሸፍን እንሰት ነው። እኔ ለአንዲት ጭልፋ ስታርች አንድ ዘንቢል ድንች እልጣለሁ፣ እፈጫለሁ፣ አጠልላለሁ፤ የእሱ ጥሬ ዕቃ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጥላ ይሰጣል። ቡላ ለማውጣት የሚፋቀውን፣ የሚጨመቀውን፣ የሴቶቹን ወገብ ያን ቀን አላሰብኩም። ቅናት የሚመቸውን ብቻ ነው የሚያየው።

ሆሳዕናን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። እናትዬዋ ሁለት አቮካዶና ዳቦ ከዘንቢላቸው አውጥተው አንዱን ሰጡኝ። ቢላዋ አልነበረንም፤ በጣታቸው ሰንጥቀው፣ ከአጥሩ ሥር ቅጠል ቆርጠው እንደ ሳህን ዘረጉልኝ። «ብላ ልጄ፤ መንገድ ላይ ሰው ሰው ነው» አሉኝ። እየበላሁ ቅጠሉን ሳየው ሥራዬ ትዝ አለኝ። እኒህ ሰዎች መጠቅለያ ከአጥር ይቆርጣሉ፤ እኔ ለዚህ ሦስት ዓመት ፈጅቻለሁ።

ስንመለስ አንድ ወፍራም ሰው መቀመጫዬ ላይ ትቼው የወረድኩት ክላሴር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምን እንደሆነ ሲያውቅ ደግሞ ሳቀ። ከአሥሩ ሦስቱ ተሰባብረዋል። ሰባት ቀሩኝ።

ሶዶ ስደርስ ዝናብ ነበር። ማርቆስ ጃንጥላ ይዞ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። አውቶቡሱ ከሰዓቱ እጅግ ዘግይቷል፤ እሱ ግን ሱሪው እስከ ጉልበቱ እስኪርስ ድረስ ቆሞ ጠብቆኛል። «ሞኒተር!» ብሎ ጨመቀኝ። መጀመሪያ ያየሁት ፀጉሩን ነው። አንድ ክር አልሳሳም። የእኔን ደግሞ ደብረ ብርሃን ጨርሶታል።

ሚስቱ አስቴር መምህርት ናት፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች። ከእራት በፊት ማርቆስ ጸለየ። ለመንገዴ፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለሥራዬ እያለ ጸሎቱን አረዘመው። «የወንድማችንን የእጁን ሥራ ባርክ» ሲል ዓይኔን ገለጥኩ። የእሱ ግን ተጨፍኖ ነበር። ሥጋው ከዳጣ ጋር መጣ፤ ዳጣ ማለት እዚያ አገር በርበሬና ዝንጅብል አብረው የሚፈጩበት፣ አፍ የሚያቃጥል ነገር ነው። በላሁ፣ አለቀስኩ፣ ደገምኩ። ከዚያ ባልና ሚስቱ አልጋቸውን ለቀውልኝ ሳሎን ፍራሽ አነጠፉ። እንቢ ብል ማን ሰምቶኝ።

ረቡዕ

ጠዋት አስቴር ሽሮና ቦዬ አቀረበች። ቦዬ እንደ ድንች የሚቀቀል ሥር ነው፤ ከእኛ ድንች ይጣፍጣል፣ እሱንም አልወደድኩለትም። «ጋሽ ሰይፉ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለች? ጾም ነው ብዬ ዘይት ነው ያደረኩት። ድስቱም አዲስ ነው፣ ቅቤ አልነካውም» አለችኝ። እነሱ ረቡዕን አይጾሙም። ለእኔ ሲሉ ግን አዲስ ድስት አውጥተዋል። እኔ እነሱን በእንግድነት ብቀበል ይህን አስብ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩና መልሱን ስላልወደድኩት ቶሎ በላሁ።

ቤተ ሙከራው አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ «አንድ ለአምስት» የአደረጃጀት ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ እኛም ቢሮ ያው ሠንጠረዥ አለ፤ አገሪቱን ያገናኛት እሱ ነው። በሩን ሲከፍተው የኮሰረት ሽታ እንደ ማዕበል ወጣ። ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ቅጠል ነው፤ ማርቆስ ዘይቱን የሚያወጣው በትልቅ የአሉሚኒየም ድስትና አንድ ባለሙያ በበየደለት ቱቦ ነው።

«ቤትህ እንዴት ደስ የሚል ሽታ አለው!» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። በዚህ ጉዞ ከልቤ ያመሰገንኩት መጀመሪያ ያ ነው።

ከዚያ አንድ ቅጠል መጠቅለያ ከትሪ ላይ ልጦ ሰጠኝ። አጠፍኩት። ዘረጋሁት። እንደገና አጠፍኩት፣ ጥግ ላይ በጥፍሬ ጫንኩት። አልተሰነጠቀም። ውኃ ጣል አደረግኩበት፤ ጠብታው ተንከባለለ። ቀለሙ እንደ እኔው የጠራ አይደለም፤ ወተት የነካው ይመስላል። «ትንሽ ደፍርሷል» አልኩ።

«አዎ፣ ይደፈርሳል» አለ። «የአንተስ?»

ክላሴሩን ከፈትኩ። ደብረ ብርሃን የሚሰበረው የእኔ መጠቅለያ በሶዶ እርጥበት ሟሙቶ፣ ሰባቱም ከነወረቀታቸው ተጣብቀው አንድ ድፍን ነገር ሆነዋል። ደረቅ አገር ይሰበራል፣ እርጥብ አገር ይሟሟል። እርር ድብን አልኩ። ማርቆስ አልሳቀም። ወስዶ መብራት ሥር አስቀመጠውና «ሲደርቅ ይላቀቃል» አለ። እንደማይላቀቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ምን ብታደርግበት ነው ውኃ የማያስገባው?»

«ሰም ነው። የንብ ሰም ትንሽ አቅልጬ እጨምራለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ!» አለ ተገርሞ። «ደብተሩ እናቴ ቤት ነው። ነገ በዴሳ እንሄድ የለ፣ አሳይሃለሁ።»

ሽንገላ መሰለኝ። እሱ ድስቱን እሳት ላይ ጥዶ ቡላውን በውኃ መበጥበጥ ጀመረ። ወፍሮ እንደ አጥሚት ሲያብረቀርቅ እንዲለሰልስ ግሊሰሪን ጨመረ፣ ሰሙን ጨመረ፤ ከዚያ ድስቱ ገና እየተንፈቀፈቀ የኮሰረቱን ዘይት ጠብታ በጠብታ አፈሰሰበት። ክፍሉ በመዓዛ ታጠነ።

ያኔ ድስቱ ላይ ዓይኔ ቆመ። ይህን ስህተት አውቀዋለሁ። አንድ ሙሉ ዓመት የበላብኝ ስህተት ነው። መዓዛ ያለው ዘይት ፍል ነገር ውስጥ ከገባ ተኖ ይሄዳል። ድስቱ ወርዶ፣ ጣት የሚታገሠው ያህል ለብ ሲል ነው የሚጨመረው።

«አንድ ነገር አስቸግሮኛል ሞኒተር» አለ ማርቆስ እያማሰለ። «ቅቤ ስጠቀልልበት በሳምንቱ የኮሰረቱ ሽታ ይጠፋል። ሽታው ከሄደ ደግሞ መጠቅለያው ምንም አይጠብቅ፤ ቅቤው ይሸታል። ምን ይመስልሃል?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። አፌ ላይ መጣ። ከዚያ የታጠፈውና ያልተሰነጠቀው መጠቅለያ ታየኝ፤ መብራቱ ሥር የተጣበቀው የእኔ ድፍን ታየኝ፤ ጉባኤው ታየኝ።

«ከቅጠሉ ይሆናል» አልኩ። «ቆላ የበቀለ ኮሰረት ዘይቱ ደካማ ነው።»

ማርቆስ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ደብተሩን ከኪሱ አወጣና እንደ ድሮው ያልኩትን ቃል በቃል ጻፈው።

ሐሙስ

በሚኒባስ እስከ በዴሳ፣ ከዚያ በሞተር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ማርቆስ ቦት ጫማውን አዋሰኝ። እግሬ ውስጡ ይዋኛል። ጫማው እንኳ ከእኔ ይበልጣል። አንድ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ተንሸራቶ ሦስታችንም ጭቃ ውስጥ ተኛን። ባለ ሞተሩ መጀመሪያ ያነሳው እኔን ነው፤ ቀጥሎ ሞተሩን፤ ማርቆስን ያነሳው የለም። ተነስቶም ሳቀ።

የማርቆስ እናት እማማ ታደለች በር ላይ ነበሩ። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉኝና ወደ አማርኛ ዞሩ። «ና፣ ግቢ ልጄ። ብርድ አገር ነው አሉ የመጣሽው። ወይ ጭቃ! ማርቆስ ነው የጣለሽ?» አንዴ ወንድ አንዴ ሴት እያደረጉኝ እግሬን በሙቅ ውኃ አጠቡኝ። የእኔ እናት የማርቆስን እግር ታጥብ ነበር? ታጥብ ነበር። እናት ላይ መቅናት አልተቻለኝም።

ማርቆስ ቆጥ ላይ ወጥቶ የካርቶን ሳጥን አወረደ። ውስጡ የዩኒቨርሲቲ ደብተሮቹ አሉ፤ ማለት የእኔ ደብተሮች፣ በእሱ እጅ ጽሑፍ። አንዱን ገልጦ በጣቱ አሳየኝ። ስለ ስታርች ከጻፍኩት ማስታወሻ ዳር አንድ መስመር አለ፦ ሰም ቢጨመርበትስ? መስመሩ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሰርዞበታል።

አስታወስኩ። መምህሩ ሲያልፉ አይተው እንዳይስቁብኝ ብዬ ነበር የሰረዝኩት።

«ስትሰርዝ እኔም ሰረዝኩ» አለ ማርቆስ። «ያንተን ሁሉ ነበር የምገለብጠው፤ ስርዙንም። ግን ለምን እንደሰረዝከው አልገባኝም። መጠየቅ አፈርኩ። እዚህ ስመጣ ሞከርኩት።»

እናንተ እዚህ ቦታ ላይ ልቤ የራራ ይመስላችኋል። አልራራም። ባሰብኝ። ሌላ ሰው ላይ ሲቀኑ ቢያንስ ሌላ ሰው ነው። እኔ ግን ያን ቀን በሃያ ዓመቱ ሰይፉ ቀናሁ፤ ሐሳቡን አግኝቶ በጣለው ልጅ። ማርቆስ ያነሳው የጣልኩትን ነው። እሱን የሌባ ስም እንዳልሰጠው ደግሞ ደብተሩን ራሱ አውጥቶ አሳየኝ።

ከሰዓት በኋላ የእማማ ታደለች የቅቤ ዕቁብተኞች መጡ። እዚያ አገር ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ቅቤ እያዋጡ ይቆያሉ፤ ጊፋታ የሚሉት የዘመን መለወጫቸው በመስከረም ሲመጣ ቤቱ ቅቤ አያጣም። ጊፋታው ገና ማለፉ ስለነበረ አዲሱ ዙር መጀመሩ ነው። አምስት ሴቶች ቅቤያቸውን በኮባ ጠቅልለው መጥተው መሬት ላይ ደረደሩት። በእኛ አገር ቢሆን አንዷ የሌላዋን እያሸተተች ነገር ይነሳ ነበር። እዚህ ማንም አያሸትም።

ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ኮባው ሳይፈታ እጃቸውን ዘረጉና በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእሳቸው ቅቤ ወደ ጎን ተደረገ፤ ወሬው ቀጠለ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«የእኔ ሸቷል ነው ያለችው» አሉ እማማ ታደለች። «በእኛ ዕቁብ እንደዚያ ነው ልጄ። ቅቤ የሸተተባት ራሷ ትናገራለች፣ ሳይፈታ። ባለቤቷ ሳትናገር ሌላው አይናገርም።»

«ባትናገርስ?»

«ትናገራለች» አሉ። «እኛ እንጠብቃለን።»

ከዚያ ማርቆስ ከዐሥር ቀን በፊት በእሱ መጠቅለያ የጠቀለለውን ቅቤ ከጓዳ አመጣ። ሴቶቹ ከአሁን በፊትም ስለሚያውቁት «የሚበላው ላስቲክ» እያሉ ይስቁበት ጀመር። ማርቆስ ሳይፈታው መሬት ላይ አስቀመጠውና መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሲል በአማርኛ ተናገረ። «የእኔም ሸቷል። ምክንያቱን ግን ገና አላወቅኩትም።»

ይህን ብሎ ወደ እኔ አላየም። ወደ መሬት ነው ያየው።   የሚበቃው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እዚያው ልለው እችል ነበር። እኔ ግን ከቀረበልኝ ቆሎ አንድ እፍኝ አንስቼ አፌን ሞላሁ።

ወደ ሶዶ ስንመለስ ማርቆስ «ትንሽ ሥራ አለችኝ» ብሎ ከመንገድ ወደ ቤተ ሙከራው ታጠፈ። እኔ ከአስቴር ጋር ቡና ጠጥቼ ቀድሜ ተኛሁ።

ዓርብ

ዘነበ። ጾም ነበር፤ አዲሱ ድስት እንደገና ወጣ። ማርቆስ ሥራ ስለነበረው ብቻዬን ከተማውን ዞርኩ። ሶዶ ዳገት ናት፤ ወደ የትም ቢሄዱ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ከደብረ ብርሃን ሜዳ ለመጣ ሰው ጉልበት ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያናቸው አጠገብ ሳልፍ መዘምራኑ ይለማመዱ ነበር፤ የአስቴር ድምፅ ከሁሉም ከፍ ብሎ ይሰማል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ እሰማ ነበር። ያን ዕለት ግን «ይሄም አላት» ብዬ አለፍኩ።

ከአንድ ሱቅ ደብተር ገዝቼ ዘገባዬን መጻፍ ጀመርኩ። «የአቶ ማርቆስ መጠቅለያ ጥሩ የመተጣጠፍ ባሕርይ ቢኖረውም፣ መዓዛውን ይዞ የመቆየት መሠረታዊ ጉድለት...» አልኩ። ቃሉ ሁሉ እውነት ነው። ውሸት አንድም የለበትም። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። ገጹን ገነጠልኩት፤ ግን አልጣልኩትም፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቅዳሜ

መናኸሪያ ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ። አስቴር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። «ቅቤ ናት ጋሽ ሰይፉ። እማማ ናት የላከችው። ለልጆቹ ብላለች» አለች። ማርቆስ የተጣበቀውን የእኔን መጠቅለያ በንጹሕ ካርቶን አድርጎ መለሰልኝ። አልተላቀቀም። አውቶቡሱ ሲነሳ አሁንም ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ዝናቡ ግን አቁሟል።

ቡታጅራ ምሳ ላይ ወረድን። የቀረበልኝን ምግብ ገፋ አድርጌ ወጣሁና ኔትወርክ ፍለጋ ከሆቴሉ ጀርባ ዞርኩ። ምን እንደገፋኝ ልነግራችሁ አልችልም። የእማማ ታደለች «እኛ እንጠብቃለን» ነው መሰለኝ። በሦስተኛው ሙከራ ገባልኝ።

«ማርቆስ፣ ዘይቱን እሳት ላይ እያለ ነው የምትጨምረው። አውርደው። ለብ ሲል ጨምረው። ችግሩ ከቅጠሉ አይደለም፤ ውሸቴን ነው። ከረቡዕ ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሞኒተር፣ የያዝከውን ቅቤ አሽትተው» አለ።

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ጋዜጣውን ገለጥኩ። መጠቅለያው ወተት የነካው ዓይነት ነበር፤ ሳልፈታው፣ ላዩን ብቻ አፍንጫዬን ሳስጠጋው የኮሰረቱ ሽታ እስከ ግንባሬ ወጣ።

«መቼ ሠራኸው?»

«ሐሙስ ከበዴሳ ስንመለስ። ረቡዕ እንደገባህ 'ቤትህ እንዴት ደስ የሚል ሽታ አለው' አልከኝ። ማታ አሰብኩት። ሽታው ቤቱ ውስጥ ካለ መጠቅለያው ውስጥ የለም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ድስቱን አይተህ ዓይንህን ስትነቅል አይቼህ ነበር። አራት ዓመት እኮ ፊትህን አይቼ ነው የገለበጥኩት። ነገር በዓይን ይገባል።»

«ታዲያ እናትህ ቤት ገብቶህ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«'ምክንያቱን አላወቅኩትም' ያልከውስ?»

«እሱን ዋሸሁ» አለ። «ሁለታችንም አንድ አንድ ጊዜ ዋሸን። እኔ እንድትናገር ቦታ ልተውልህ ብዬ ነው። ስለ ቆላ ኮሰረት ያልከኝን ደግሞ ከደብተሬ ሰርዤዋለሁ። ሁለት ጊዜ፣ እንደ አንተ።»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። «እሺ» ያልኩ ይመስለኛል።

እሑድ

ደብረ ብርሃን እንደ ተውኳት ነበረች፤ ብርዱም እንደ ተውኩት። ቅቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ቀን ዝም ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ የእኛ ብርድ እንዲሰነጥቀው ጠበቅኩ። አልሰነጠቀውም። ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ከነመጠቅለያው ድስት ውስጥ ጨመረችው፤ ቀልጦ ከቅቤው ጋር አንድ ሆነ፤ ወጡ ኮሰረት ኮሰረት አለ። ልጆቹ ሁለቴ አስጨመሩ። የእኔን መጠቅለያ በልተው ደግመው አያውቁም።

ቅናቴ ለቀቀኝ አልልም። አለ። ማርቆስ ጉባኤው ላይ ሲቆም፣ ከነፀጉሩ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳይ እንደሚያመኝ አውቃለሁ። ሁለተኛ ደግሞ መጠበቁን ቀናሁበት፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ሴቶቹ ፊት ስሙን ጠርቼ ነበር የማዋርደው።

ከኪሴ የታጠፈውን ገጽ አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ለመምህራችን አዲስ ዘገባ ጻፍኩ። ስለ ቡላው፣ ስለ ሰሙ፣ ስለ ዘይቱ፣ ረቡዕ ስለተናገርኩት ውሸት፣ ሁሉንም አስገባሁ፤ መጨረሻው ላይ የማርቆስ ይቅረብ አልኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። ፖስታውን ካሸግኩ በኋላ አንድ ነገር የቀረ መሰለኝና መልሼ ቀደድኩት። በላይኛው ኅዳግ፣ ከሰላምታውም በፊት፣ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ የእኔ ሸቷል።